ለከተማ የተላከው አፈር

ስለ ሥራዬ ማውራት አይሆንልኝም፤ አጎቴ ግን በዝምታ የሚታለፉ ሰው አልነበሩም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ የአፈርን ሸክላነት፣ እርጥበትና ብስባሽ ለክቼ ከማሳው ምን ያህል ናይትሮጅን፣ ያ የሰብል ምግብ፣ እንደሚባክን አስቀድሞ የሚናገር ስሌት አበጅ ነበር። አጎቴ በመንዝ፣ ከጓሳ ደጋ በታች ለዓመታት ጦም ያደረ የገብስ ማሳ ነበራቸው። በአገሩ ልማድ እንዲህ ያለው መሬት ተገልብጦ፣ ጓሉ ተከምሮ በኩበት ይጋያል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ገብስ ያሳምራል፤ ናይትሮጅኑ ግን ከጢሱ ጋር ይሄዳል። የዚያ ዓመት ቀለባቸው በዚሁ ማሳ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና፣ "ላጋየው ወይስ ልተወው?" ሲሉ ጠየቁኝ። አፈሩን እንዲልኩልኝ ነገርኳቸው፤ በከረጢት ቋጥረው ከመሐል ሜዳ በአውቶቡስ ላኩልኝ።

ልኬቱ አስደነገጠኝ፤ እንዲህ የሰባ አፈር በዚያ ብርድ አይጠበቅም። ስሌቱ ቢጋይ ብዙ ይባክናል ስላለ ራሴ ሄጄ፣ "አያጋዩት፤ እንዲሁ ይዝሩት" አልኳቸው።

አጎቴ መሬት መሬቱን አዩ። ሚስታቸው ግን ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

"ከጓሮ፣ የበረቱ ጥራጊ ከሚጣልበት ነው'ኮ የዘገኑልህ!"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አሉ አጎቴ ቆጣ ብለው። "ያባቴ መሬት ከስቶ ገርጥቶ በሰው አገር ይታይ? እንግድነት የሚሄድ ሰው ነጭ ይለብስ የለ?"

"አፈሩን ሊድሩት ነበር እንዴ፣ አጎቴ?"

"አንተስ ብትሆን! ጓሮን ከማሳ የማይለይ ስሌት ይዘህ መጥተህ!"

በማግስቱ ከማሳው ራሴ ቆፍሬ ወሰድኩና፣ ክረምቱ ሳይገባ ውጤቱን ይዤ ተመለስኩ።

"የሚባክነው ጥቂት ነው፤ ያለውም ጥቂት ነውና" አልኳቸው። "ቢያጋዩት የዘንድሮው ገብስ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ይደክማል።"

"ከድሃ ቤት ሌባ ምን ይወስዳል፣ በለኛ!"

"ያለችውን አንዲት ቁና ይወስዳል።"

አጎቴ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻም እኩሌታውን አጋዩ፤ እኩሌታውን ፍግ አልብሰው ዘሩት። ጢሱ ሲነሣ በነጠላቸው ጫፍ ወደ እኔ እያራገቡ፣ "ያውልህ፣ ሳያመልጥህ ያዘው!" አሉኝ።

በመኸር የተጋየው ወገን ዛላው ከብዶ ተገኘ፤ ሌላውም አላሳፈረም። ጎተራቸው ሞላ። በተከታዩ በጋ ግን፣ ሚስታቸው እንደነገሩኝ፣ አጎቴ ባልተጋየው እኩሌታ ላይ ኩበቱን ከምረው ሲያበቁ እሳቱን ሳይለኩሱ ለረጅም ጊዜ ቆመው ቀሩ።