ያልቆጠርኩት የልብ ምት

ሲስተር ሰዓቱን «ለሁለታችሁም ነው» ብለው ነበር ያወጡልን። ይህን እያሉ ግን የሰኩት በትምህርት ባልደረባዬ ደረት ላይ ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ፈገግታው እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ፊቴ ላይ ደርቆ የቆየ ይመስለኛል።

የጤና ረዳትነት ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነን። ለተግባር ልምምድ ወደ ጂንካ ስንላክ የሴት ሕሙማን ክፍል የደረሰው ለሁለታችን ብቻ ነበር፣ ለእኔና ለእሷ። ስምንት አልጋ ያለው ክፍል ነው። የግድግዳው ሰዓት ይሠራል፤ የሰከንድ ዘንጉ ግን ወልቋል። የልብ ምት ደግሞ ያለ ሰከንድ አይቆጠርም። ስለዚህ ሲስተር ደረት ላይ የሚሰካውን የራሳቸውን አሮጌ ሰዓት ሰጡን።

ለሁለታችንም ከሆነ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ ልንይዘው ይገባ ነበር። ይህን ብናገር ሲስተር «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይሉኝም። እኔ ግን ሳልጠይቅ እንዲሰጠኝ ፈለግሁ።

በክፍላችን አንደኛ የምወጣው እኔ ነኝ። ደብተሬ ንጹሕ ነው፤ ርእሱን በቀይ፣ የቀረውን በሰማያዊ እጽፋለሁ። የተወለድኩትም እዚያው ጂንካ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ነው። አባቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከተማውን የራሴ አድርጌ ነበር የማየው። እሷ ከከተማው በላይ ካለ የአሪ መንደር የመጣች ናት። አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ ስትቸኩል ሴቷን ወንድ ታደርጋታለች። እኔም ቤት ስገባ አነጋገሯን እያስመሰልኩ እህቶቼን አስቅ ነበር። ዋርዱ ውስጥ ግን ሳቁ የእሷ ነበር። አሪኛ አፏን የፈታችበት ነው፤ እናቷ ገበያ ላይ ከበና ሰዎች ጋር ስለምትውል የበናንም ቋንቋ ታውቃለች። ሕመምተኞቹ እኔ ስገባ ጣሪያውን ያያሉ። እሷ ስትገባ ትራሳቸውን አቃንተው ይጠብቋታል።

በሦስተኛው ሳምንት ሲስተር ጠሩን። «አንዳችሁ እስከ ልምምዱ መጨረሻ ከእኔ ጋር እዚሁ ትቀራላችሁ። አንዳችሁ ደግሞ ለሁለት ወር ቱርሚ ክሊኒክ ትሄዳላችሁ። ማን የት እንደሆነ ዓርብ እነግራችኋለሁ» አሉ።

እዚህ መቅረት ማለት ማዋለድ፣ መርፌ፣ ግሉኮስ መስቀል፣ ከሁሉም በላይ የሲስተር ቀኝ እጅ መሆን ማለት ነው። ቱርሚ ማለት በእኔ ዓይን መባረር ነበር።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ መወልወያቸውን ተደግፈው በር ላይ ሰምተዋል።

«ቱርሚ የምትሄደዋን እግዜር ይሁናት» አሉ። «በጭነት መኪና፣ መንገዱ ከጨቀየ ሁለት ቀን። ከዚያ አቧራ መብላት፣ ከዚያ ፍየል መውጋት።»

«እትዬ ደግሞ! ለፍየል መርፌ አንሰጥም እኮ» አለች እሷ እየሳቀች።

«ትሰጫለሽ። ሰውየው ሚስቱን ካዳንሽለት ፍየሉንም ጎትቶ ያመጣልሻል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ምን አስጨነቀሽ? አንሶላ እንዳንቺ የሚወጥር የለም። ሲስተር ደግሞ አንሶላ ይወዳሉ።»

ይህን ቃል እንደ ምስክር ወረቀት ይዤው ዞርኩ።

ረቡዕ አንዲት የበና ሴት በቃሬዛ አመጡ። ቤቷ ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ስላላት ብዙ ደም ፈሷታል። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ አክስቷ ታቅፋው አብራ መጣች። ሲስተር የእንግዴ ልጁን አወጡላት፣ ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ ደሙም ቆመ። የተኛችው አራተኛ አልጋ ላይ ነው፤ ከአንድ እስከ አራት ያሉት አልጋዎች የእኔ ናቸው። ሲስተር ቻርቱን አልጋዋ እግር ላይ ሰቅለው ሁለታችንንም አቆሙን።

«በየሰዓቱ የልብ ምት። ከመቶ በታች ከሆነ ነገ ቀስ ብላ መነሣት ትችላለች። ከመቶ ካለፈ አትንኳት፣ እኔን ጥሩኝ። ገባችሁ?»

«ገባን፣ ሲስተር» አልኩ። ከእሷ ቀድሜ መመለሴን አስታውሳለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ግርግር ነበር፤ በማግስቱ ጓዶች ከክፍለ ሀገር ለጉብኝት ይመጣሉ ተብሏል። አንሶላ ቀየርን፣ የብረት አልጋዎቹን በጨርቅ ወለወልን። የእሷ አራት አልጋዎች ነጭ ሆኑ፤ የእኔም ሦስቱ። አራተኛው ግን ቀይ ነው። ሴትየዋ ጸጉሯን እንደ አገሯ ወግ በቅቤና በቀይ አፈር ተቀብታለች፤ ትራሱም፣ የአንሶላው ጫፍም፣ አክስቷ የተደገፈችው ግድግዳም ቀልቷል። ሴትየዋን አጥቤ አንሶላዋን ካልቀየርኩ የእኔ ወገን እንደ ቆሸሸ ጓዶቹ ሊያዩት ነው።

ሌሊት ተረኛዋ የጻፈችው ምት ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና አራት እያለ የሚወርድ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ከባልደረባዬ ሰዓቱን ተውሼ ቆጠርኩ፤ ዘጠና ሁለት ሆነ። ስመልስላት «አመሰግናለሁ» አልኳት። ለእኔም የተሰጠ ዕቃ እንደ ሰው ዕቃ ማመስገኔ አንገበገበኝ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። እሷ በወዲያኛው ጫፍ ሰባተኛ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ አንዲትን አሮጊት ታስቃለች። ሲስተር አጠገቧ ቆመዋል፤ እጃቸው ትከሻዋ ላይ ነው። ሰዓቱን ለመውሰድ በዚያ መሀል ገብቼ መለመን አለብኝ። አልሄድኩም።

የሴትየዋን አንጓ ያዝኩ። ፈጠን ማለቱን ጣቴ ነግሮኛል፤ ይህን አልክድም። ስለፈራችኝ ነው አልኩ። ቻርቱን አየሁት፤ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና አራት፣ ዘጠና ሁለት። ቀጣዩ ቁጥር ራሱ የሚጠራኝ መሰለኝ። አሳምሬ ሰማንያ ስምንት ብዬ ጻፍኩ።

ትንሽ ቆይተው ሲስተር ሲያልፉ ቻርቱን አዩ። «ሰማንያ ስምንት። ጎበዝ» አሉና ወደ ተመላላሽ ክፍል ሄዱ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠብቀው የነበረው «ጎበዝ» ይኸው ነው። ሳፋውንና ሳሙናውን ላመጣ ስሄድ እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል።

ተመልሼ ሴትየዋን ደግፌ አስቀመጥኳት። አክስቷ ሕፃኑን ወደ አንድ ክንዷ አዛውራ እጅጌዬን ያዘችኝና አንድ ነገር ተናገረች፤ ደገመችው። ስለ ሳሙናው እንዳልሆነ ከፊቷ ያስታውቃል። ባልደረባዬ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቃ ነበር። አንድ ጊዜ ብጠራት ትተረጉምልኝ ነበር። እኔ ግን ለአክስቲቱ በአማርኛ «እሺ፣ እሺ እናቴ» ብዬ እጅጌዬን አስለቀቅሁ።

ሴትየዋ ቆመች። አንድ ሄደች፣ ሁለት ሄደች። በሦስተኛው እንደ ልብስ ተጣጥፋ ወረደች። ድምፅ እንኳ አላወጣችም። ሲሚንቶው ላይ ደም አየሁ። ሳሙናው በእጄ ነበር፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

ባልደረባዬ ደርሳለች። «አግዢኝ፣ እግሯን!» አለችኝ። አንሥተን አስተኛናት። «እትዬ፣ ጡቡን አምጡ! የአልጋው ግርጌ ከፍ ይበል!» ትራሱን ከራሷ ሥር መዝዛ ወረወረችው። መዳፏን በሴትየዋ ሆድ ላይ አድርጋ ማህፀኗን አጥብቃ ማሸት ጀመረች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሲስተርን!»

ያን ጊዜ ሮጥኩ።

ሲስተር ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጓት፣ ሌላ ግሉኮስ ሰቀሉ። ምቷ መቶ ሠላሳ ስድስት ነበር። ደሙ እስኪቆም ድረስ አክስቲቱ ያንኑ ቃል ትደጋግም ነበር።

«ምንድን ነው የምትለው?» አሉ ሲስተር።

ባልደረባዬ ወደ እኔ ሳታይ ተረጎመች። «‹ከንጋት ጀምሮ ከሥሯ ደም ይወርዳል፣ አታስነሷት ብዬ ነገርኳት› ነው የምትለው።»

ሲስተር ቻርቱን አነሡት። ሳይቆጡ ነበር የጠየቁት፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ሰዓት ላይ ሰማንያ ስምንት። በምን ተቆጠረ?» ወደ እሷ ዞሩ። «ሰዓቱን ከአንቺ ወስዳ ነበር?»

እሷ ደረቷን በእጇ ሸፈነች። «አልወሰደችም። ግን እኔ ነኝ ልሰጣት የሚገባኝ። ይዤው ዞርኩ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሰዓቱ፣ በቋንቋዋ፣ በሲስተር እጅ ቀንቻለሁ። እንደዚያች ሰዓት ግን ቀንቼ አላውቅም። ዋሽታ ብትሸፍነኝ እንቃት ነበር። ብታሳብቅብኝ እጠላት ነበር። ሁለቱንም ነፈገችኝ።

«አልቆጠርኩም» አልኩ። «ከፊተኛው አይቼ ጻፍኩት።»

ሲስተር ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አደረጉ። «እዚህ ጋ ባዶ ትተሽው ቢሆን፣ ሳልፍ ባዶውን አይቼ ‹ለምን አልተቆጠረም?› እል ነበር። ራሴ ቁጭ ብዬ እቆጥርላት ነበር። ባዶ ቦታ እኔን ይጠራኛል። ይህ ቁጥርሽ ግን ‹ሂጂ፣ ደኅና ናት› አለኝ። እኔም አምኜሽ ሄድኩ።»

«ይቅርታ፣ ሲስተር።»

«እኔን ምን አደረግሽኝ?» አሉና ወደ አልጋው በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ወደ አልጋው ሄጄ ቆምኩ። ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ፤ መልሳ ከደነችው። ይቅርታ የሚለውን በእሷ ቋንቋ አላውቀውም። ባልደረባዬን «ምን ይባላል?» ብዬ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። በዚያ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ዓርብ ጓዶቹ መጡ። ሲስተር አራተኛው አልጋ እንዳይነካ አዝዘው ስለነበር ትራሱ እንደ ቀላ ነው። ጎብኚዎቹ በአንዱ በር ገብተው በሌላው ወጡ፤ ትራሱን ያየው መኖሩንም እንጃ። ከሄዱ በኋላ ሲስተር ሁለታችንን ጠሩን።

«ቱርሚ አንቺ ትሄጃለሽ» አሏት።

ልቤ በደስታ ዘለለ። ሴት ልገድል ደርሼ፣ በማግስቱ ልቤ በደስታ ዘለለ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ሆኗል።

እሷ ፊቷ ጠቆረ። «ሲስተር፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«የለም። እዚያ ያለው አንድ ጤና ረዳት ነው፤ እሱ ወደ መንደር ሲወጣ ክሊኒኩ ላይ ብቻሽን ትውያለሽ። ከኋላሽ ሆኖ ቻርትሽን የሚያይ የለም። የምልከው ጠባቂ የማያስፈልጋትን ነው።» ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንቺ ከእኔ ጋር ትቀሪያለሽ። ከዓይኔ አትርቂም።»

የፈለግሁት ተሰጠኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው ሲነሣ እትዬ ዳቦ ቋጥረው ሰጧት። «ፍየሉን አደራ!» ብለው ጮኹላት። እሷ ለክሊኒኩ የተላከ የክትባት ሣጥን በጉልበቷ መሀል ይዛ ከላይ ሆና እጇን አወዛወዘችልን፤ ለእኔም ጭምር። እኔም አወዛወዝኩ።

የበናዋ ሴት ዳነች፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ልጇን ታቅፋ ወደ አገሯ ሄደች። በእነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት ምቷን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ሲስተር «ጀምሪ» ይሉኛል፤ እኔ አንዱን አንጓዋን፣ እሳቸው ሌላውን ይዘን አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም እንላለን። «ሰማንያ አራት» እላለሁ። «ሰማንያ አራት» ይላሉ። ያቺ ሴት ከሄደች በኋላም በሌሎቹ አልጋዎች እንዲሁ ቀጠልን። አንድም ቀን ቁጥራችን አልተለያየም።

ቱርሚ ላይ እሷ ቆጥራ እሷው ትጽፋለች። እዚህ ግን እኔ ከቆጠርኩ በኋላ ሲስተር እስክሪብቶውን ከኪሳቸው አውጥተው ራሳቸው ይጽፋሉ።