ልቤን የፈታች ልጅ፣ እኔ ሳልቀብራት

ልጆቼ ሞት ደበቁኝ። ዶክተር መሠረት ሞታ፣ ዱራሜ ተቀብራ፣ ድንኳኑ ፈርሶ አልቆ፣ እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት።

አላምንም። በቅርቡ በስልክ "አባባ፣ ወደ ሆሳዕና ስመጣ አንገትዎን አያለሁ" ያለችኝ ልጅ እንዴት ነው የምትሞተው? ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። መቀመጥ አልቻልኩም። ከቤት እስከ አጥሩ በር እመላለሳለሁ፤ ሁለት መስመር ጽፌ ደግሞ እነሳለሁ።

የሰማሁት መናኸሪያ ነው። ከእሷ ጋር የሠራ አንድ ነርስ አቅፎ ሳመኝና "አባባ፣ ለቅሶው ላይ ሳጣዎት አሞዎታል ብዬ ደነገጥኩ" አለኝ።

"የማን ለቅሶ?"

ፊቱ ተለወጠ። "የዶክተር መሠረት" አለና እጄን ይዞ አለቀሰ።

ልጄ ደሳለኝና እናቱ ግን ሄደው አልቅሰዋል። ለእኔ "የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ አለ" ነበር ያሉኝ። ባለቤቴ ዓይኗ አብጦ ስትመለስ "ጭስ ነው" አለችኝ። የኮንፈረንስ ጭስ! የልጅ ልጄ ስልኬን ወስዳ "ኔትወርክ የለም" ስትለኝ ሰነበተች። ጎረቤቱ ሁሉ እያወቀ ሰላም ብሎኝ ያልፍ ነበር።

ደሳለኝን ጠየቅኩት። "አባዬ፣ ልብህ ደካማ ነው፤ ሐዘን አይችልም ብለን ነው" አለኝ።

ያልቻልኩት ይህን ቃል ነው። መሠረት ከቤታችን አውጥታ የጣለችው ይህንኑ ቃል ነበር።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ያኔ ሆዴ ተነፍቶ፣ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ፣ ከአልጋ እስከ ደጅ ስሄድ ትንፋሼ ያልቅ ነበር። አንዱ ጉበት ነው አለ። ሌላው ልብህ ደክሟል፣ ተጠንቅቀህ ኑር አለ። ክኒን ጠዋት ማታ ዋጥኩ፤ ሆዴ አልጎደለም።

እሷ ሆሳዕና ከተማ ሆስፒታል ለሥራ ገና መምጣቷ ነበር። ሆዴን ከመንካቷ በፊት "አባባ፣ መጀመሪያ አንገት" አለች። ይህ ቃል ከአፏ አይጠፋም ነበር። ራሴን ከፍ አድርጋ አስተኛችኝና የአንገቴን የደም ሥር አየች።

"ወደ ውስጥ ይተንፍሱ። ይኸው፣ ሲተነፍሱ መውረድ ሲገባው ጭራሽ ይወጠራል። ሳንባ ነቀርሳ ይዞዎት ያውቃል?"

"ታክሜ ድኛለሁ። የድሮውን ምን ያስቆፍርሻል?"

ሳቀች። ልቤን በአልትራሳውንድ አየች፤ ለሲቲ ስካን ምርመራ አዲስ አበባ ላከችኝ። ውጤቱን ይዤ ስመለስ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ሥራዬ ኮርቻ መሥራት መሆኑን ታውቅ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ የሰው ኮርቻ እየፈታሁ ነው የለመድኩት።

"አባባ፣ ፈረሱን በእርጥብ ቆዳ ጠፍረው ቆዳው እላዩ ላይ ቢደርቅ፣ ፈረሱ ምን ይሆናል?"

"መተንፈስ ያቅተዋል። ይወድቃል።"

"ታዲያ ፈረሱ ደካማ ነው ይባላል?"

"እንዲህ የሚል ደንቆሮ ማነው?"

"እርስዎ ነዎታ! ልቤ ደክሟል እያሉ የሚዞሩት። ልብዎ አልደከመም፣ ታስሯል። ያ ድሮ የያዘዎት በሽታ የልብዎን ሽፋን አቁስሎት፣ ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ ደረቀ። ልቡ ደም ለመቀበል መስፋት አቃተው። ይህን ክኒን አይፈታውም፤ በቀዶ ሕክምና ተልጦ መውጣት አለበት።"

"ደረቴን ማንም አይከፍተውም።"

"እሺ። እንግዲያው ፈረሱን እንደታሰረ ይቅበሩት" አለችና ሌላ በሽተኛ ጠራች።

ተናድጄ ወጣሁ። ኮርቻ ልሠራ ተቀምጬ እጄ ቆዳውን በነካ ቁጥር ንግግሯ ይመጣብኛል። በመጨረሻ እሺ ብዬ ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ሄድኩ።

ቀዶ ሐኪሙ የደረቴን አጥንት ከፍቶ ያንን የደረቀ ሽፋን ከልቤ ላይ ጥቂት በጥቂት ልጦ አወጣው። እሷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጥታ፣ ቆማ አየች። ስነቃ አጠገቤ ነበረች።

"አባባ፣ ሽፋኑ ሲነሳ ልብዎ እንዴት እንደዘለለ ቢያዩት!"

ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞረች። "ስማ፣ የአባትህ ልብ ታስሮ ነበር፤ ተፈትቷል። ከእንግዲህ እንደ እንቁላል እንዳትይዙት።"

ደሳለኝ "እሺ ዶክተር" አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያቺው ዶክተር ስትሞት እንደ እንቁላል ያዘኝ።

ሆዱና እግሩ አብጦ፣ ልብህ ደክሟል ተብሎ፣ መድኃኒት አልሠራ ያለው ሰው ካለ፣ አንገቱን የሚያይለት ሐኪም ይፈልግ። ይህ ከእሷ የተማርኩት ነው።

ነገ ዱራሜ እሄዳለሁ፣ ብቻዬን። ድንኳን ባይኖርም እናቷ አለች። እሷ ፊት አለቅሳለሁ።

መሠረት ልጄ፣ አፈር አላለበስኩሽም። ሽማግሌው ረሳኝ እንዳትይ። መርዶሽን መናኸሪያ መሐል ቆሜ ሰማሁ፤ ልቤ ዘለለ እንጂ አልቆመም። ሥራሽ ጸንቷል። በሰላም ረፊ፣ ጌታ ይቀበልሽ።

የደበቁኝን ነገር ለአንቺ ነገርኩሽ። ለደሳለኝም፣ ለእናቱም፣ እዚህ ጽሑፍ ሥር በአስተያየት ለሚጠይቀኝም ሰው ከእንግዲህ አላነሳውም።