እትዬ ከድጃ እፍ ያሉት አፈር

ይህ የሆነው የእኛ ሁዳዴና የሙስሊሞቹ ረመዳን አንድ ላይ በገቡበት ዓመት ነው። ሌላ ሰው አድርጎት ብሰማ ኖሮ ሳላመነታ እፈርድበት ነበር። ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ፤ ከአእምሮዬ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

የምኖረው ገዳሪፍ ነው። ከጎንደር ወጥቼ እዚህ ከገባሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ግቢው ውስጥ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱ ባዶውን ቀርቶ ነበር። ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ በኋላ ከተማችን በተፈናቃይ ሞላች። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አውቶቡሶች የሚቆሙበት ቦታ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በስልክ የአገሬን አማርኛ ሲናገሩ ሰማሁ። ቆሜ ሰላም አልኳቸው።

እትዬ ከድጃ ይባላሉ። በልጅነታቸው ከመተማ ወጥተው ካርቱም የኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሙስሊም ናቸው። ኸሽም ኤል ቂርባ በምትባል ከተማ የወንድም ልጅ አላቸው። እሱ ግን ከሚስቱና ከስድስት ልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚኖር ሊያስቸግሩት አልፈለጉም። ይዣቸው ቤት መጣሁ። ኪራይ አልጠየቅሁም።

ሰዎች ደግ ሥራ ሠራሽ አሉኝ። አፍ አውጥቼ ባልናገርም ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙ ወራት በሰላም ኖርን። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ "እርስዎ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "የሺዬ" ይሉኛል። ከዚያ በጋው ጠና። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በካሮ ነው፤ አህያ በሚጎትተው በርሜል። የከተማው ሰው በዝቶ ስለነበር ድሮ በየቀኑ የሚመጣው ውሃ ሻጫችን ዐም እድሪስ በሦስት ቀን አንዴ ብቅ ማለት ጀመረ።

እትዬ ከድጃ በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ፤ ከመስገዳቸው በፊትም ውዱእ ያደርጋሉ። ኢብሪቅ የሚሉት አፈ ቀጭን የላስቲክ ማንቆርቆሪያ አላቸው። ከበርሜሉ ቀድተው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን ይታጠባሉ፤ ራሳቸውን ያብሳሉ፤ በመጨረሻ እግራቸውን ይታጠባሉ። አሁን ሳስበው አንድ ኢብሪቅ ውሃ ምን ያህል ነው? ያኔ ግን ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ውሃው ሲንቆረቆር ስሰማ ሆዴ ውስጥ የሚቆጥር ነገር ነበር።

አንድ ጠዋት የበርሜሉን ክዳን በቁልፍ ዘጋሁት።

"እትዬ ከድጃ፣ ውሃው አልበቃ አለን። ለመጠጥና ለማፍጠሪያ የሚሆን ጠዋት ጠዋት አንድ ጆግ እሰጥዎታለሁ" አልኳቸው።

"ደግ አደረግሽ የሺዬ። ዘመኑ ነው" አሉኝ።

ስለ መታጠቢያው ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ያልጠየቅሁት መልሱን ስለማውቀው ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በክፍሌ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አየኋቸው። ክፍላቸው ፊት ለፊት ያለውን የጭቃ ግድግዳ በሁለት መዳፋቸው መታ አደረጉት። አንድ ነገር አጉተመተሙ። መዳፋቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው እፍ አሉ፤ አቧራው ወደ እኔ በር መጣ። ከዚያ በዚያው እጃቸው ፊታቸውን አበሱ፤ አንዱን እጅ በሌላው አሻሹ። ዘወር ብለው ገቡና መስገድ ጀመሩ።

እኔ ባደግሁበት አገር አፈር ይዞ አጉተምትሞ እፍ ማለት ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል፤ መተት ነው። ሙስሊሞች ሲታጠቡ አርባ ዓመት አይቻለሁ፤ በአፈር ሲታጠቡ ግን አይቼ አላውቅም። እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ሰው ጠይቄ መረዳት አያቅተኝም ነበር። አልጠየቅሁም። በማግስቱም ያንኑ ሲያደርጉ ቆሜ አየሁ።

በዚያው ሰሞን ግራ ዓይኔ ያብጥ ጀመር። በዚያ ሙቀትና አቧራ የከተማው ግማሽ ዓይኑ አብጦ ነበር። እኔ ግን የራሴን ብቻ አየሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለሁለት ጎረቤቶቼ ነገርኳቸው።

"እህ! ዓይንሽን እኮ ነው የያዘችው!" አለች አንዷ።

"አንቺ ደግሞ ከመንገድ የለቀምሽውን ሁሉ!" አለች ሁለተኛዋ። "ምነው፣ አህያውንም ከነካሮው አስገቢው! ዛሬውኑ አስወጪያትና ግቢውን ጠበል እርጪበት።"

ጠበል አመጣሁ። ከበር እስከ ጓሮ፣ የእትዬ ከድጃን ደጃፍ ጭምር ረጨሁት። ለዚያ ውሃ አላጣሁም።

ከዚያ ሄጄ በራቸው ላይ ቆምኩ። ቁርአን እየሰሙ ነበር፤ ስልካቸውን አጠፉት።

"አንቺ" አልኳቸው። ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት፤ አልመለስኩትም። "እስከ እሁድ ቤቴን ልቀቂ።"

"ምን አጠፋሁ የሺዬ?"

"ራስሽ ታውቂዋለሽ።"

ትንሽ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "አዎ፣ አውቀዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እሺ፤ ለወንድሜ ልጅ ልደውልለት።"

አውቀዋለሁ ማለታቸውን እንደ ማስረጃ ያዝኩት።

በማግስቱ ዐም እድሪስ መጣ። ቀልደኛ ሰው ነው። ቱቦውን በርሜሉ ውስጥ ከትቶ ጥላ ሥር እየተቀመጠ፣ "ያ ሐጃ፣ አህያዬም ጾመኛ ሆኗል፤ ገለባ ስሰጠው ፊቱን ያዞራል" አለኝ። ሱዳኖች አሮጊቱን ሁሉ ሐጃ ነው የሚሉት፤ እኔን ክርስቲያኗንም። አልሳቅሁም። በዐረብኛ ነገሬን ዘረገፍኩለት። ቤቴ ያስገባኋት ሴት ሲህር ታደርግብኛለች አልኩት፤ መተት ማለት ነው። ግድግዳውን በመዳፌ መትቼ፣ እፍ ብዬ፣ ፊቴን አብሼ ጭምር አሳየሁት።

ፈገግታው ጠፋ።

"ይህን ካደረገች በኋላ ምን ታደርጋለች?"

"ትሰግዳለች።"

"ተየሙም ነው ይሄ፣ ሐጃ። ውሃ ያጣ ሰው በንጹሕ አፈር ነው ውዱእ የሚያደርገው። እፍ የሚባለው አቧራው እንዳይበዛ ነው። በረሃ ላይ፣ ውሃ በሌለበት እኛም እናደርገዋለን።" በርሜሉን አየ፤ እጄ ላይ የያዝኩትን ቁልፍ አየ። "ይህን በርሜል ዛሬ ሞላሁት። ባለፈውም ሞልቼዋለሁ። ውሃ ያጣው ማነው?"

 መልሴን አልጠበቀም። ቱቦውን ጠቅልሎ አህያውን ነድቶ ወጣ። ቀልዱን ትቶ ከግቢዬ ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ኢብሪቁን ከደጃፋቸው አነሳሁ። ውስጡ ደርቆ አቧራ ይዞ ነበር። አጥቤ ሞላሁትና በራቸው ላይ ቆምኩ።

"እትዬ ከድጃ፣ በርሜሉ ከእንግዲህ አይቆለፍም። እባክዎ አይሂዱ፤ ይቆዩ" አልኳቸው።

ኢብሪቁን ተቀበሉኝ። "ባትቆልፊውም ሳትፈቅጂልኝ አልነካውም ነበር የሺዬ" አሉ። "ሰው ባልፈቀደልኝ ውሃ ተጣጥቤ አላህ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?"

 ልናገር የመጣሁትን ለመጀመር ቃል እየፈለግሁ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ።

"ልጁ ነገ ጠዋት ሊወስደኝ መኪና ይዟል፤ አሁን ቅር ብለው አይሆንም። እኔ ግን ዓይንሽ ነው የከነከነኝ። አቧራውን እፍ ስል በርሽ ላይ ቆመሽ ነበር። እፍ ካልኩ በኋላ ነው እኮ ያየሁሽ። እሱ ገብቶብሽ ነው እንዲህ ያሳበጠሽ። ስትቆጪኝም ያኔውኑ ገባኝ። አውፍ በይኝ።"

አውፍ በይኝ ማለት ይቅር በይኝ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ ግልጽ ነው። "ይቅርታ መለመን ያለብኝስ እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ጠበሉ፣ ለጎረቤት ስላወራሁት፣ "አንቺ" ስላልኳቸው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ይቅር ብዬዎታለሁ" አልኩ።

እሳቸውም "አላህ ይስጥሽ" ብለው መረቁኝ።

በማግስቱ ጠዋት የወንድማቸው ልጅ መጣ። ከመሄዳቸው በፊት ውዱእ ሲያደርጉ ኢብሪቁን ይዤ ውሃውን እኔ አፈሰስኩላቸው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው እግራቸውን ለመታጠብ ትከሻዬን ያዙ። "ቀስ አድርጊው፤ አይባክን" አሉኝ። ሰገዱ፤ ዕቃቸውን በአንድ ፌስታል ይዘው ሄዱ። ስምንት ሰው ወደሚኖርበት ክፍል፣ ዘጠነኛ ሆነው ሊያድሩ።

ዓይኔ በሳምንቱ ዳነ። ለሁለቱ ጎረቤቶቼ እውነቱን ነገርኳቸው። አንዷ አንገቷን ደፋች። ሌላዋ "ቢሆንም ጠበሉ ነው ያዳነሽ" አለችኝ፤ እስከ ዛሬም የምታምነው ያንን ነው። ያንን እምነት የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ከእትዬ ከድጃ ጋር በስልክ እንገናኛለን። ለፋሲካ እሳቸው ደወሉልኝ፤ ለዒድ እኔ ደወልኩላቸው። ስለ ጉልበታቸው እጠይቃለሁ፤ ስለ ዓይኔ ይጠይቁኛል። በጠየቁኝ ቁጥር "ድኗል" እላለሁ፤ የተቆጣኋቸው በአቧራው እንዳልነበረ አልነግራቸውም። እስከ ዛሬ ያጠፉት እሳቸው፣ ይቅር ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ነው የሚያውቁት።

እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ፊት ለፊት ነው የሚባለው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ኸሽም ኤል ቂርባ ግን ሩቅ አይደለም። ጠዋት በአውቶቡስ የተነሳ ሰው ለምሳ ይደርሳል።