ዛፍ የተከልንበት እሑድ

ባለቤቴ ዛፍ መትከል አይወድም ነበር። ለአትክልት ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከኔ በፊት ሰላም የሚላቸው ባሚያዎቹን ነው። ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ቶሎ ደርሶ ቶሎ የሚበላ ነገር ሁሉ በእጁ ያምርለታል። ዛፍ ሲባል ግን ፊቱ ይጠቁራል። «የመንግሥት ሠራተኛ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ነው፤ ጥላው ሥር ለማልቀመጥበት ዛፍ ምን አለፋኝ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ዛፍ የሌለው ግቢ ሰው የሚኖርበት አይመስለኝም። ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ወንዝ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ቤት ሰባት ዓመት ስንኖር፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የምንጣላው በዚሁ ነበር። እኔ ማንጎ ስል፣ እሱ ጎመን ሲል።

ሁለታችንም ከደጋ የሄድን ነን። እሱ አስተማሪ፣ እኔ ነርስ። ልጅ አልነበረንምና ከሥራ የተረፈችው ሰዓት በሙሉ የምታልቀው ጓሮ ነው። «ልጅ ቢያጡ ጎመን ያሳድጋሉ» ተብለን እንደምንታማ ሰምቻለሁ። ሐሜቱ ያንገበግበኝ ነበር፤ ውሸት ነው ብዬ ግን አልከራከርም።

በበጋ እዚያ አገር አትክልት ማቆየት እብደት ነው። የወንዙ ዳር ሰዎች ባሮ ራሱ አርጥቦ በተወው መሬት ላይ በቆሏቸውን ይዘራሉ፤ እኛ ጀሪካን ተሸክመን ዳገቷን ስንወጣ ያየ ሁሉ ይስቅብን ነበር። ቢስቁም አይፈረድባቸውም። ማታ ያጠጣነው በማግስቱ ረፋድ ላይ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቶ ይጠብቀናል። ስለዚህ እንደኛ ላለ ሰው ዝናብ ማለት ሌላ ነገር ነው። በደጋ፣ ምድር የምትታደሰው በመስከረም ነው፣ አደይ ሲፈነዳ፤ ጋምቤላ ላይ በግንቦት ነው። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ እሑድ ላይ ከጣለማ ለኛ ሠርግ ነበር። ትምህርት ቤት የለ፣ ክሊኒክ የለ፤ ደመናው ፀሐዩን ይዞ ስለሚውል ዛሬ የተዛወረ ችግኝ ነገ አይጠወልግም።

ጊዜው ክልል ከሆንን ጥቂት ዓመት የሆነን ጊዜ ነው። በየወሩ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ሹም ይመጣል፣ የቤት ችግር ነው። በዝቅተኛ ክፍሎች ትምህርቱ በአካባቢው ልጆች ቋንቋ መሰጠት በመጀመሩ ከደጋ የመጡ አስተማሪዎች ሲገናኙ ወሬያቸው ሁሉ ዝውውር ሆነ። ጠየቅህ? ጠየቅኩ። ተፈቀደልህ? ገና ነው። ባለቤቴ የሚያስተምረው ከፍ ያሉትን ክፍሎች ስለሆነ ነገሩ አይነካውም። ሰው ሲጠይቀው «እኔ ተማሪዎቼን ጥዬ የትም አልሄድም» ይል ነበር። እኔ ፊት ነው የሚለው፤ እኔም እያፈርኩም እየኮራሁም እሰማዋለሁ።

በዚያ እሑድ ዝናቡ ገና ሳይነጋ ጀመረ። የቆርቆሮው ጣሪያ ከመጮኹ የተነሣ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተኝተን እየተጯጯህን ነበር የምናወራው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደማይቻል ተስማማን፤ እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ብዙ አላዘንንም። እሱ ተነሥቶ ሻይ አፈላ፣ በር ላይ ቆሞ ግቢውን ሲያይ ቆየና ዘወር ብሎ፣

«ተነሽ እንጂ! ማንጎዎችሽን ዛሬ እንተክላቸዋለን» አለኝ።

የማንጎ ፍሬ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ማፍላት ልማዴ ነው። በየዓመቱ አፈላለሁ፣ በየዓመቱ እሱ እምቢ ይለኛል፣ በየዓመቱ ችግኞቹን ክሊኒክ ለሚመጡ እናቶች አድላለሁ። ስለዚህ የጣሪያው ጩኸት ያሳሳተኝ መሰለኝ።

«ምን አልክ?»

«ማንጎ አልኩሽ! አልሰማሽም? ጉድጓዱም ተቆፍሯል።»

በእርግጥም ሰሞኑን ሦስት ጉድጓድ ቆፍሮ የፍየል ፋንድያ ሲሞላበት፣ ለምስጥም ብሎ አመድ ሲነሰንስበት አይቼ ነበር። ለብስባሽ ነው ብሎኝ አምኛለሁ። ለካ ለኔ ኖሯል! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከአልጋ ስወርድ ነጠላ ጫማዬን እንኳ አልፈለግኩም።

እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ይህን ስል አላጋነንኩም፤ የሠርጌ ዕለት እንኳ ጫማዬ ጠቦኝ ነበር። ዝናቡ ቀለል ሲልልን ወጣን፤ እንደገና ሲበረታም አልገባንም። ጥቁሩ አፈር እግራችን ላይ እየተጋገረ ጫማ ሆነልን። እሱ ጣሳውን በጎንና በጎኑ በቢላ ይቀድና ችግኙን ከነአፈሩ ቀስ አድርጎ ያወጣል፣ ግንዷን ይዞ ያቆማታል፤ እኔ ተንበርክኬ ዙሪያውን አጠቀጥቃለሁ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያልወደድኩትን ጉድጓድ ትቶ ሌላ ቆፈረልኝ። አንዷን ከወጥ ቤቱ ጎን፣ ልብስ ሳጥብ ጥላ እንድትሆነኝ። አንዷን መኝታ ቤቱ መስኮት ፊት። ሦስተኛዋን በሩ አጠገብ፣ መንገደኛም እንዲያርፍባት። እሱ «ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?» እያለ ይጠይቀኛል። ሰባት ዓመት የተከራከረኝ ሰው! አፌ አላርፍ አለ። ሲያፈራ የቱ ጎረቤት እንደሚደርሰው፣ ጦጣውን እንዴት እንደምናባርር፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር እንደምናሠራ ቀባጠርኩ። «እንግዲህ ከዚህ ቤት የሚነቅለኝ ሰው አያለሁ!» አልኩት። እሱ ሳቀ፤ ፊቱ ላይ የወረደውን ውሃ በክንዱ ጠረገና ለችግኟ ድጋፍ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ሄደ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔን የወሰደኝ በዚያ ሳቅ ነው።

ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። አንድ ሰውዬና ሚስቱ አንድ ላስቲክ ለሁለት ተከናንበው ቆመዋል። ሰውዬውን በመልክ አውቀዋለሁ፤ ኢታንግ ወረዳ ሲሠራ ቆይቶ በቅርቡ ወደ ክልሉ ቢሮ ተሹሞ የመጣ ነው። ልጁ የባለቤቴ ተማሪ ስለሆነ ሊጠይቁን የመጡ መሰለኝ። ባለቤቴ እንዳያቸው አካፋውን ከእጁ ጣለ። ሰውዬው «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ በዝናብ መጣን። እሷ ናት እንሂድ ያለችው» አለ።

ሴቲቱ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በባዶ እግሯ ጭቃው ውስጥ ገባች። ወደ ቤት ግቢ ብላት እምቢ አለችኝ፤ ቀጥታ ወደ መደቡ ሄደች። የባሚያውን ቅጠል ገልብጣ ሥሩን አየች፣ ተባይ አለው የለው ብላ። ከአፈሩ ቆንጠር አድርጋ በጣቷ አሸችው። አትክልት የሚወድ ሰው ሌላውን አትክልት ወዳድ ለመለየት ወሬ አያስፈልገውም፤ ወዲያው ወደድኳት። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፣ ግን ይበቃናል። «ይሄ መቼ?» ትለኛለች፣ ባሚያው መቼ እንደተዘራ እነግራታለሁ። «ይሄ ከየት?» ትለኛለች፣ ከየት እንዳመጣሁት እነግራታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ከወጥ ቤቱ ጎን ደረስን። አዲሷን ማንጎ ስታይ ራሷን ነቀነቀች።

«ሲስተር፣ ይሄ እዚህ ጥሩ አይደለም። ዛፉ ትልቅ ይሆናል። እኔ እዚህ ወጥ ቤት እሠራለሁ። ይሄ ወጥ ቤት ትንሽ ነው፣ ልጆች ብዙ ናቸው።»

ሳቅኩ። «የኔ ግቢ ቢሆን» ማለቷ ነው ብዬ። «አንቺ ብትሆኚ ነው?» አልኳት።

«አዎ፣ እኔ። እናንተ ስትሄዱ።»

«ወዴት ስንሄድ?»

ባሏ ከኋላችን በቋንቋቸው አንድ ነገር ቶሎ ብሎ ተናገረ። እሷ ግን ጀምራዋለች። «ቲቸር ነገረን። ትምህርት ሲዘጋ ትሄዳላችሁ። ቤቱ ለኛ ነው። እኔ ማንጎ እወዳለሁ አልኩት። ሚስቴ ጋ ሆነን እንተክልላችኋለን አለ።» ከዚያም ጭቃ የነካ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ» አለችኝ።

ባለቤቴን ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑን ወደ በሩ ሰበረ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ እውነት መሆኑ ገባኝ። ሴቲቱም ፊቴን አይታ ምን እንደሆነ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷ ምን አጠፋች? ሰጪዋ እኔ ሳላውቅ ለተሰጣት ስጦታ ያመሰገነች ናት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። «የት ይሻልሻል?» አልኳት። ለመመለስ አመነታች፤ ደግሜ ጠየቅኳት፤ ከአጥሩ ጥግ ያለውን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። ተንበርክኬ ያጠቀጠቅኩትን አፈር በእጄ ፈለቀቅኩ፣ ችግኟን አነሣሁ፣ ወስጄ እሷ ያለችበት ቦታ ተከልኳት። ባለቤቴ ሊያግዘኝ ሲጎነበስ በክርኔ መለስኩት። እንግዶቹ ሲወጡ ሴቲቱ ከአጥሩ ውጭ ቆም እያለች ወደኔ ብዙ ጊዜ ዞረች።

ቤት ገብተን ጣሪያው ሥር ተቀመጥን። ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ምስጢሩን ሁሉ እየጮኸ ነው የነገረኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሁለታችንንም ያስቀን ነበር። ጓደኞቹ ሁሉ ሲጠይቁ አይቶ ዝውውሩን የጠየቀው በጥምቀት ሰሞን ነው። የተፈቀደለት ከፋሲካ በፊት ነው። ሚስት ባሏን ትከተላለች ተብሎ የኔም ጉዳይ አብሮ አልቆ ለክሊኒኩ ኃላፊ ተነግሮታል። ከኔ በቀር ያልሰማ አልነበረም ማለት ነው። በዚያው ሰሞን አንዲት ባልደረባዬ «ሰላጣሽ ይናፍቀናል» ስትለኝ፣ ዝናቡ የዘገየባት መስሎኝ «አይዞሽ፣ ይደርሳል» ብያታለሁ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት እኔ ነኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አፈር ስሆን ስሚኝ። ይሄን አትክልት ጥለሽ አትሄጂም ብዬ ፈራሁ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ጊዜው ሄደ።»

«ታዲያ ማንጎው ምንድን ነው?»

ጆሮዬ አጠገብ ጠጋ ብሎ፣ «ዛፍ ዛፍ እንዳልሽ ኖርሽ። ሳንሄድ አንድ ጊዜ ደስ ይበልሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ይህን ያለው ከልቡ ነው። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት ስቀባጥር እያየኝ፣ አግዳሚ ወንበር ስል እየሰማኝ፣ «ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?» እያለ ሲጠይቀኝ፣ ደስታዬን ከፊቴ ቆሞ እንደ ጨዋታ ተመልክቶታል። ለሷም ማንጎ፣ ለኔም ማንጎ፤ በአንድ ችግኝ ሁለት ሴት አስደስቶ ሊሄድ ነው። አልተሳደብኩም። እንባም አልመጣልኝም። ተነሥቼ እግሬን ታጠብኩ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሄድን። የሄድንበት ደጋ ከተማ አፈሩ ቀይ ነው፣ ውሃው ቅርብ ነው፣ ያበቅላል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ችግኝ ገዝቶ ይመጣል፤ ዘይቱን፣ ኮክ፣ አቮካዶ፣ ያገኘውን። በሩ ላይ ተሸክሞ ሲቆም የይቅርታ ፊቱን አውቀዋለሁ። ከአትክልቴ የነቀለኝ ይመስለዋል፤ ለዚያ ነው የሚክሰኝ። እኔም አመሰግነዋለሁ፣ እንተክለዋለን፣ ይጸድቃል።

የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ክረምት ወባ ታምሜ ፅንስ አስወርዶኝ ነበር፤ ይህን ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ከዚያ አገር መውጣት ነበር የምፈልገው። አጎበሩ ውስጥ ሆኜ እናቴ ያለችበትን አየር እየተመኘሁ አነጋለሁ፤ እሱ ተማሪዎቹን ይወዳል ብዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በዚያ እሑድ ማንጎ ሲተክልልኝም፣ እንግዲህ እዚሁ ልንኖር ነው ብዬ ምኞቴን ቀብሬ ነው የተደሰትኩት። በጥምቀት ሰሞን፣ ወረቀቱን ከማስገባቱ በፊት፣ «እንሂድ ወይ?» ብሎ አንድ ቃል ቢጠይቀኝ ማንጎዎቹን በጣሳቸው ለእናቶቹ አድዬ በማግስቱ እነሣ ነበር። ከአንዲት ቁራጭ ጓሮና ከሱ የቱን እንደምመርጥ አብሮኝ ኖሮ ሳያውቅ ቀረ። አልጠየቀኝም። እኔም እሺ እል እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።