ያልከፈትኩት ሲዲ

እዚህ አገር ስናጠፋ የምንሸሸግባት አንዲት ጥላ አለችን፤ እንግሊዝኛው አልገባኝም እንላለን። አለቃ ሲቆጣ፣ ፖሊስ ሲያስቆም፣ የልጆች አስተማሪ ስትደውል ትሠራለች። እኔም ስለ እማማ ስጠየቅ ልሸሸግባት አስቤ ነበር። ግን ገብቶኝ ነበር። እያንዳንዷ ቃል ገብታኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ አለበለዚያ መሐል ላይ ስደርስ ራሴን ማባበል እጀምራለሁ፤ ማባበሉን ደግሞ አውቅበታለሁ።

እማማ የምላቸው ጋሃና በምትባል እዚሁ አሜሪካ ባለች ትንሽ ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ በጥቂት ዓመት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ ንግግራቸው ጠፋ። አእምሯቸው ግን ንቁ ነው። ውሃ ማለት ፈልገው ሰኞ ይላሉ፤ መሳሳታቸውንም ወዲያው ስለሚያውቁት በግራ እጃቸው ጭናቸውን ይመታሉ። አብራቸው የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ዳውንታውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ጠዋት እሷ ስትወጣ እኔ እገባለሁ፣ ከሥራ ስትመለስ እወጣለሁ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ልጅቷ መድኃኒቱንና ምግቡን ካሳየችኝ በኋላ፣ ወጥ ቤት ካለው ማጫወቻ አጠገብ አንድ ሲዲ አነሳች። የአንድ ዘፋኝ ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ነው። ሽፋኑ ላይ ሁለት ፎቶ አለ። በግራ በኩል ሰውየው ወጣት ነው፤ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ጸጉሩን ቅባት አጠጥቶ፣ አፉን በረጅሙ ከፍቶ ይጮሃል። በቀኝ በኩል ሸምግሏል፤ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ ጊታሩን አቅፎ ተቀምጧል። በሮክ ኤንድ ሮል ተነሥቶ ኋላ ወደ ካንትሪ የዞረ ዘፋኝ ነው አለችኝ። እናቷ በኮረዳነታቸው በመጀመሪያው ጨፍረዋል፤ በሁለተኛው ደግሞ ትዳራቸውንም ሐዘናቸውንም አሳልፈዋል። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቁታል።

ነገሩ ለመዝናኛ አልነበረም። ንግግር የምታለማምዳቸው ቴራፒስት እንዳስረዳቻት፣ መናገር ያቃተው ሰው መዝፈን ሊችል ይችላል፤ ዘፈን በጭንቅላት ውስጥ የራሱ መንገድ አለው። ስለዚህ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ አልበሙን መክፈት፣ አብሮ መዝፈን፣ ስንኙ ሊያልቅ ሲል ማቆምና የመጨረሻዋን ቃል እማማ እስኪሞሏት መጠበቅ ነው። የፊተኞቹ የሮክ ዘፈኖች ስለሚፈጥኑባቸው ይታለፋሉ፤ የሚሆኑት ከሰባተኛው ጀምሮ ያሉት ዝግ ያሉት የካንትሪ ዘፈኖች ናቸው። ከዚያ የትኛው ዘፈን እንደተከፈተና የትኛው ቃል እንደወጣ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ዋናው ጊዜ ከስትሮክ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ወራት ናቸው፣ ያመለጠው አይመለስም አለችኝ። ከዚያ ፊቴ ከፈተችውና ስንኙ ጫፍ ላይ አቆመችው። ውሃ ማለት ያቃታቸው እማማ ቃሏን ጥርት አድርገው ሞሏት፤ ሞልተውም ሳቁ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። «ኖ ፕሮብሌም» አልኳት።

አፌ እንዲያ ቢልም ሆዴ ሌላ ነበር። ጌታን ያገኘሁት በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ጓሮ አውጥቼ አቃጥዬ፣ በጭሱ ሽታ ጎረቤት ሁሉ ተቆጥቶኛል። መጽሐፉ ዘፋኝነትን ከስካር አጠገብ ነው ያስቀመጠው፤ እኔም በዚህ ነገር አልደራደርም። መኪናዋ ውስጥ ዘፈን የምትሰማ እህት ካየሁ በልቤ እፈርዳለሁ፣ አንዳንዴም በአፌ። የሲዲውን ሽፋን ሳይ ደግሞ ሳቄ መጣ። በእኛ ዘንድ ዘፋኝ ከዞረ የሚዞረው ወደ መዝሙር ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ከዘፈን ወጥቶ ዘፈን ገባ። ከድጡ ወደ ማጡ አልኩ።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ሰባተኛውን ከፈትኩት። ገና በመጀመሪያው ስንኝ አንድ ባል መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው ሚስት ያያል። በሃምሳ ዓመቴ ይህን ልዘፍን ነው ወይ ብዬ ዘጋሁት። ስልኬን አውጥቼ የአማርኛ መዝሙር ከፈትኩ። እማማ ይባረካሉ፣ ቤቱም ይቀደሳል ብዬ ነው። ደብተሩ ላይ ግን፣ ከሰባት እስከ አሥር ተከፍቷል፣ ደህና ሞልተዋል ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም ጻፍኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ። እግዚአብሔርን ፈርታ ሲዲ የማትነካው ሴትዮ በየቀኑ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ትዋሽ ነበር። ትንኝ አጥርቶ ግመል መዋጥ ሲባል ስሰማ፣ ስለ ሌሎች ሰዎች የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

እማማ መጀመሪያ ታገሉኝ። ቁርስ በበሉ ቁጥር በግራ እጃቸው ወደ ማጫወቻው ያመለክታሉ። በኋላ፣ በኋላ እላቸዋለሁ። ማንኪያ አንስተው ጠረጴዛውን ይመታሉ፤ እኔ የመዝሙሩን ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ማመልከቱን ተዉት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይቀመጣሉ። ያንን ዝምታ ሰላም ወረደላቸው ብዬ ተረጎምኩት፤ እንዲህ ያለ ትርጉም አያልቅብኝም። በሦስተኛው ሳምንት ከመዝሙሩ ጋር ማንጎራጎር ጀመሩ። አንዱን አዝማች በተለይ ወደዱት። የልጅቷን መኪና ድምፅ ሰምቼ፣ እሷ ሳትገባ ካፖርቴን ስለብስ ባዩ ቁጥር ስንብት መሆኑን ዐውቀው እሱን ያንጎራጉሩልኛል። እኔማ ነፍስ የማረኩ መሰለኝ።

በአምስተኛው ሳምንት እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ እጄን አወጣሁ። ማይክ ያዝኩና ያንን ቤት ተረኩት። ዘፈን ክፈቺ ተብዬ እንዳልከፈትኩ፣ ዛሬ በዚያ ቤት የጌታ ስም እንደሚጠራ፣ መናገር ያቃታቸው ፈረንጅ አሮጊት በአማርኛ እንደሚያመልኩ ተናገርኩ። ጉባኤው በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ስለ ደብተሩ ትንፍሽ አላልኩም።

ቴራፒስቷ ወትሮ የምትመጣው ቅዳሜ፣ ልጅቷ ባለችበት ነው፤ ያን ጊዜም የምታሠራቸው ሌላ ልምምድ ነው፣ ዘፈኑን ለእኔ ትታዋለች። በስድስተኛው ሳምንት ግን ረቡዕ መጣች። ኢንሹራንሱ ሕክምናው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን የሚወስነው በእሷ ሪፖርት ስለሆነ፣ ልጅቷም ፈቃድ ጠይቃ ቀርታለች። ሲዲውን ከፈተች። ስምንተኛው ዘፈን ነው። ስንኙ ጫፍ ላይ አቆመችና ጠበቀች። እማማ ዝም አሉ። ደገመችው። እማማ ወደ እኔ አዩ። ሦስተኛ ጊዜ ስታቆመው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ያንን የወደዱትን የመዝሙር አዝማች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘመሩት። ጠ እና ቀ ላይ ምላሳቸው ይያዛል እንጂ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይሰማው ነበር።

ቴራፒስቷ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። ይህን ዘፈን ታውቂዋለሽ ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት። ልጅቷ ሰምቼው አላውቅም አለች። ከዚያ ቴራፒስቷ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። ዘፈኑን አልነካም ያልኩት ስለ ጌታ ነው፤ መዝሙሩን የካድኩት ደግሞ ስለ ሥራዬ። ጴጥሮስ እንኳ ወዲያው ወጥቶ ምርር ብሎ አልቅሷል። እኔ የእማማን የጀርባ ትራስ አስተካከልኩ።

ቴራፒስቷ ለልጅቷ በጥሩ አንደበት አስረዳቻት። ትርጉም የሌለው ድምፅ እየበዛ መሄዱ መልካም ምልክት አይደለም፤ መሻሻል ካልታየ ደግሞ ኢንሹራንሱ አይቀጥልም አለቻት። ልጅቷ ደብተሩን አምጥታ ገለጠችው። በየቀኑ ደህና ትሞላለች ይላል እኮ ብላ የእኔን መሥመሮች ጮክ ብላ አነበበች። ቴራፒስቷ ደብተሩን አይታ፣ ሰው የሚንከባከበውን ሲወድ መስማት የሚፈልገውን ይሰማል አለች። ውሸቴን ፍቅር አደረገችልኝ። ያን ቀን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ሲዲውን ከፈትኩት። ሰባተኛውን አብሬ ዘፈንኩ፤ መጠጥ ቤቱንም፣ የሰው ሚስቱንም ዘፈንኩ። እማማ ማጫወቻውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት። ሳቆመው ዝም ይላሉ። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄደ፤ በመሐሉ ኢንሹራንሱ ሕክምናውን ማቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ አንዲት ቃል ሞሉ፣ በማግስቱ ሌላ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ፤ ለካ ይህ ሁሉ ከፊታችን ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር። ለልጅቷ ልንገራት እላለሁ፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ እናቷን ስትስም ሳይ ነገ እላለሁ።

በዚያው እሑድ ከፕሮግራም በኋላ አንዲት ወጣት ፓርኪንጉ ውስጥ ሮጣ ደረሰችብኝ። በመልክ እንጂ በቅርብ አላውቃትም። ጉንጬን ስማኝ እጄን ያዘች።

«እትዬ፣ ተባረኩ። ቴስቲመኒዎ በጣም ነው የነካኝ። እኔም ፖላሪስ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ኬር አደርጋለሁ። ቀኑን ሙሉ የዘፈን ሬዲዮ ነበር የሚሰሙት። ከእርስዎ ከሰማሁ በኋላ ኦፍ አድርጌ መዝሙር ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ሰሞን ያለቅሱ ነበር፤ አሁን ግን ዝም ብለዋል።»

ፊቷ በደስታ ያበራል። ምርቃት ትጠብቃለች። እኔ ግን የማያቸው መስኮት መስኮቱን የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በእኔ ማይክ የተነጠቁ ሰው። ነገ ጠዋት ሬዲዮኑን ክፈቺላቸው አልኳት። የቀለድኩ መሰላት። እዚያው መኪናዎች መሐል ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፦ ደብተሩን፣ አላውቀውም ያልኩትን፣ የተቋረጠውን ሕክምና። እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን መሰከሩ?» አለችኝ።

እንዲጨበጨብልኝ ነው ማለት ነበረብኝ። መልሱ እሱ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ሰኞ ልጅቷ ከሥራ ስትገባ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ነገርኳት። እንግሊዝኛዬን አልደበቅኩም፣ አላሳመርኩም። ሲዲውን አልከፈትኩም፣ ደብተሩ ውሸት ነው፣ እናትሽ የዘመሩት የእኔ አገር የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው፣ ዐውቄ ነው የካድኩት አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር፤ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስልኳን አውጥታ ቴራፒስቷ ጋ ደወለችና ሰጠችኝ፣ በራስሽ አፍ ንገሪያት አለችኝ። ደገምኩት። ቴራፒስቷ ሪፖርቱን ለማስተካከል እንደምትሞክር፣ ኢንሹራንሱ ግን እሺ ይበል አይበል እንደማታውቅ ተናገረች። ስልኩን መለስኩ። ልጅቷ ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገረችኝ።

ካፖርቴን አንስቼ መልበስ ጀመርኩ። እማማ መባረሬን አላወቁም። ካፖርት ያዩት እንደ ሁልጊዜው ነው፤ በግራ እጃቸው የወንበራቸውን ክንድ ይዘው ቀና አሉና አዝማቹን ዘመሩልኝ። ከረቡዕ ዕለቱ የተሻለ ነበር፤ ጠ እንኳ ወጥታላቸዋለች። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው እኔን አይተው ሳቁ።

ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ይሄ ነው?» አለችኝ።

ነው አልኳት። ቃሎቹ ትርጉም አላቸው ወይ አለችኝ። ሁሉም አላቸው፣ አንዱንም አልሳቱም አልኳት። እናቷን አየች፤ ከዚያ ደብተሩን፤ ከዚያ እኔን።

«ያን ሁሉ ጊዜ ትችል ነበር ማለት ነው።»

«አዎ» አልኳት፤ «ይችሉ ነበር።»