ገበያው እንዴት ዋለ?

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ወደ አገሬ ወደ ዘመሮ የሚሄደውን መኪና ስጠብቅ፣ ከባንኮኒው ራዲዮ ያ የኢኮኖሚ ፕሮግራም አቅራቢ ድምፁ ወጣ። አምና የወንድሜን የሽፈራውን በጎች ያስበላው እሱ ነው። ዛሬም በዚያ ለስላሳ ድምፁ ስለ ሌላ አክሲዮን ማኅበር «አስተማማኝ ትርፍ እንደሚያስገኝ ተገለጸ» ይላል። ማን ገለጸው? እንጃ! «ተገለጸ» ነዋ፣ በቃ። ሻዩን ገፋ አደረግኩት። ፊቴን ባዞር፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የደረቡትን ባና ዝናብ መትቶት ኖሮ ያ የእርጥብ በግ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ይዞኝም እናቴ ደጅ ሄደ።

እኛ ሰፈር ወሬ የሚመጣው በእግሩ ነበር። ቤታችን ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ስለነበረ፣ በገበያ ቀን ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተሳበ ሲወጣ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ እኔና ሽፈራው አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን ያልተሸጠ በጉን እየጎተተ የሚመጣውንና ጠላ ቀምሶ የሚያንጎራጉረውን እየለየን እንስቅ ነበር። እናታችን ግን ጤናውን፣ ልጁን፣ ከብቱን አንድ በአንድ ጠይቃ ስታበቃ ነው «ገበያው እንዴት ዋለ?» የምትለው። ያየ ሰው «በግ ረክሷል፣ ገብስ ተወዷል» ይላታል፤ የሰማም ከእገሌ ሰማሁ ይላል፤ ያላየ ደግሞ «እኔስ ጨው ገዝቼ ተመለስኩ፣ እሱን አላየሁም» ብሎ ያልፋል።

ታዲያ ያኔ ውሸታም አልነበረም ብል እኔው ውሸታም መሆኔ ነው። አያ ጥላዬ ነበሩልን እኮ! ጎረቤታችን ናቸው፤ በጨዋታቸው ሰውን በሳቅ የሚገድሉ። ፋሲካ ሲቃረብ ከገበያ መጥተው «በግ ረክሶ ረክሶ፣ የሚጠይቀውም ጠፍቷል» ብለው እናቴን አስደነገጧትና፣ ለበዓል ልትሸጠው የቀለበችውን ሙክት እዚያው በር ላይ በርካሽ ገዝተው ነዱት። ጀንበር ሳትጠልቅ ከኋላ የመጣ መንገደኛ በግ እሳት ሆኖ መዋሉን ነገራት። እናቴ አልተሳደበችም፣ አልከሰሰችም። ከዚያ ወዲያ ግን ጤናቸውን፣ ልጃቸውን፣ ከብታቸውን ትጠይቃቸውና ዝም ትላለች። ገበያውን አትጠይቃቸውም። ነገሩ ሰፈሩን አዳረሰ፣ ሰውም ሁሉ እንደሷ ዝም አላቸው። ያን ዝምታ አልቻሉትም። በማርያም ማኅበር ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ብድግ ብለው «ዋሽቻለሁ፣ ስለ እናቲቱ ይቅር በሉኝ» አሉ፤ እናቴም «ይቅር ለእግዜር» አለቻቸው። ሙክቱማ የት ይገኛል፣ ተበልቷል።

ሽፈራው ይህን፣ የዋሸ አፍሮ በሰው ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ እያየ ነው ያደገው። ስለዚህ አምና ያ ሰው በራዲዮ አንዱን የበግ እርባታ ማኅበር ሲያወድስ አመነው፤ በጎቹን ሸጦ አክሲዮን ገዛ። ለካ ዜና ያልነው ተከፍሎበት የተነበበ ማስታወቂያ ኖሯል! ማኅበሩ ቢሮውን ዘግቶ ጠፋ፣ ራዲዮው ትንፍሽ አላለም፣ ሰውዬውም ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ወርቅ ዋጋ ማውራቱን ቀጠለ። እሱን ማን ዝም ይበለው? ጎረቤቱ ማን ነው? በየትኛው ማኅበር ብድግ ይበል? ውሸትስ ድሮም ነበር፤ ማፈር ነው የጠፋው። እሱ ደግሞ ከጠፋ አይገዛ፣ አይዘራ።

ቤት ስደርስ ሽፈራው ባዶው ጉረኖ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ድምፁ የደከመ ራዲዮውን ያንኑ ጣቢያ ከፍቶ ጆሮው ላይ ለጥፏል።

«አሁንም ይህን ሰው ትሰማዋለህ?» አልኩት፣ ብግን ብዬ።

«እንዴ! ተሳስተን ነበር ማለታቸው መቼ ይቀራል፣ እትዬ» አለኝ። «ያን ቀን ሳልሰማ ቢያመልጠኝስ?»

አይሉም፣ ሽፈርዬ፣ አይሉም፣ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን አየሁት። ቦርሳዬን ከፍቼ፣ ለራዲዮው ይዘሽልኝ ነይ ያለኝን የባትሪ ድንጋይ ሰጠሁት።