አባቴ የእጅ ውርወራ ሲያስተምረኝ

በትምህርት ቤት የእግር ኳስ ጨዋታ ዳኛው የእጅ ውርወራዬን ሁለት ጊዜ ስለሻረብኝ፣ አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ሊያስተምረኝ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ይዞኝ ወረደ።

«ኳሱን በሁለት እጅሽ ከጭንቅላትሽ ኋላ አምጪው፤ እግርሽ ከመሬት እንዳይነሳ» አለኝና ሊያሳየኝ ኳሱን አነሳ። ቀኝ እጁ ወጣ፤ ግራው ደረቱ ጋ ቀረ። ኳሱ ወደቀ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ብርዱ ነው» ብሎ ሳቀ፤ የሳቀው ግን በአንድ ጎን ብቻ ነበር። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

እሺ አልኩት። እሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ መወርወሬን ቀጠልኩ። «ጎሽ» ሊለኝ ሲል ምላሱ ተሳሰረ፤ ያኔ ነው እናቴን ልጠራ የሮጥኩት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን መቼ እንደጀመረው ነበር፤ የስትሮክ መድኃኒት መስጠት አለመስጠቱ በዚያ ሰዓት ይወሰናል አለን።

«አሁን ነው፣ አሁን» አለች እናቴ።

እኔ ኳሱ ከእጁ የወደቀበትን ሰዓት ሳልነግራቸው የአባቴን ግራ እጅ ያዝኩ።